ያሬድ፦ ከትምህርት የኮበለለው ተማሪ

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጧት፣ የሙዚቃ መምህራችን ባዘዙን መሠረት፣ አራት ሆነን ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ቆመን ነበር። የታዘዝነው ሥራ መስማት ብቻ ነው። ደብተርና እርሳስ ይዘን፣ በፒያሳና በመርካቶ መካከል የሚመላለሰውን ሰው ድምፅ እየሰማን፣ ቀጭኑን በአንድ ዓምድ፣ መካከለኛውን በሌላ፣ ወፍራሙን ደግሞ በሦስተኛ ዓምድ እንድንመዘግብ ነበር የተነገረን። ሥራው ቀላል መስሎን ነበር የሄድነው።

ድልድዩ ስሙን ያገኘው ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ነው። አባ መላ የሚባሉት እኚህ ሰው፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትር የሆኑና በ1919 ዓ.ም. ያረፉ፣ በብልሃታቸውም የታወቁ ናቸው። ድልድዩ ላይ ግን ስለ ታሪክ የሚያስብ ሰው አላገኘንም። ሁሉም በየፊናው ይጮኻል። የታክሲ ረዳቱ የሚሄድበትን ሠፈር ስም እየደጋገመ በቀጭኑ ይጣራል። ተሸካሚው ከጆንያው ሥር ሆኖ በጎርናና ድምፅ መንገድ ልቀቁልኝ ይላል። ማስቲካ አዟሪው ልጅ አለ፤ ድምፁ ስልል ያለ ነው። ቆራሌው ደግሞ የመጨረሻውን ፊደል እየሳበ፣ ሳይቸኩል፣ እንደ ዜማ አድርጎ ያልፋል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ገጽ ሞላን።

ስህተታችንን ያወቅነው ያንን የታክሲ ረዳት ቀርበን ስናነጋግረው ነው። በቀጭን ዓምድ የመዘገብነው ሰው፣ ስለ ሒሳብ ሲያነጋግረን ድምፁ ወፍራም ሆኖ ተገኘ። ለካስ ቀጭኑ ድምፅ የሥራ ድምፁ ኖሯል፤ በመኪና ጩኸት መካከል እንዲሰማለት ብሎ ወደ ላይ የሰቀለው! ሰረዝነውና ወደ ሌላው ዓምድ አዛወርነው። ቆይተን ደግሞ ስንቱን በስህተት መዝግበን ይሆን ብለን ተጠራጠርን።

ቀኑ በ23 የዋለ ስለነበረ አራዳ ጊዮርጊስ ወርኃዊ በዓል ነበረው። ከድልድዩ ብዙም ስለማይርቅ ሥራችንን አቋርጠን ወደዚያ ሄድን። ካህናቱና ደብተራዎቹ መቋሚያቸውን ይዘው በቀኝና በግራ ተሰልፈው ይዘምራሉ። ከመካከላቸው ጎርናና ድምፅ ያላቸው ሽማግሌዎች አሉ፤ መረዋ ድምፅ ያላቸው ወጣቶችም አሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚሉት አንድ ዜማ ነው። የኛ ሦስት ዓምድ እዚያ ቦታ ምንም ሊያገለግለን አልቻለም። ወደ ተቋማችን ተመልሰን ለመምህራችን ስንነግራቸው ፈገግ አሉና፣ ስለ ድምፅ ምደባ ከመጻፋችሁ በፊት የያሬድን ሕይወት አንብቡ አሉን። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ግን ምደባው ምን እንደሆነ ባጭሩ እናስረዳ። በምዕራባውያን የሙዚቃ ትምህርት የዘፋኞች ድምፅ በስድስት ዋና ዋና ክፍሎች ይመደባል። ከሴቶች ከፍተኛው ሶፕራኖ፣ መካከለኛው ሜዞ ሶፕራኖ፣ ዝቅተኛው ኮንትራልቶ ይባላል። ከወንዶች ከፍተኛው ቴኖር፣ መካከለኛው ባሪቶን፣ ዝቅተኛው ባስ ነው። የልዩነቱ መነሻ ጉሮሮ ውስጥ ያሉት ሁለት የድምፅ አውታሮች ናቸው። ከሳንባ የሚወጣ አየር በመካከላቸው ሲያልፍ ይርገበገባሉ። የአዋቂ ወንድ አውታር ረዘምና ወፈር ስለሚል፣ በተራ ንግግር ጊዜ በሴኮንድ ከ100 እስከ 130 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የሴት ደግሞ ወደ 200 ጊዜ ይጠጋል። ክራር የሚመታ ሰው ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ ወፍራሙ ክር ዝቅ ያለውን፣ ቀጭኑ ከፍ ያለውን ድምፅ ይሰጣልና። ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ ስፔናዊ የድምፅ መምህር እ.ኤ.አ. በ1854 በትንሽ መስተዋት የራሱን ጉሮሮ ተመልክቶ፣ አውታሮቹ ሲሠሩ በዓይኑ ለማየት ችሏል።

ይሁን እንጂ ምደባው አንድ ሰው እስከ የት ድረስ መጮህ ይችላል ተብሎ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ሳይጨነቅ ለረጅም ጊዜ ሊዘምር የሚችልበት ከፍታ የቱ ነው? የድምፁ ጠባይ ብሩህ ነው ወይስ ጠቆር ያለ? ከደረት ድምፅ ወደ ራስ ድምፅ ሲሻገር የሚሰበረው የት ላይ ነው? እነዚህ ሁሉ ታይተው ነው አንድ ዘፋኝ ቴኖር ወይም ባሪቶን የሚባለው። የታክሲው ረዳት ያሳሳተን ለዚህ ነው። ጩኸቱን እንጂ ማረፊያውን አልሰማንም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ምደባ ለአዋቂ ሰው የተሠራ ነው። ከጉርምስና በፊት የወንድና የሴት ልጅ ድምፅ ተቀራራቢ ነው። ወንዱ ልጅ ጉርምስና ሲጀምር አውታሩ በፍጥነት ስለሚያድግ ድምፁ አንድ ኦክታቭ ያህል ይወርዳል። በዚያ ወቅት ድምፁ በራሱ አይታዘዝለትም፤ አንዴ ወፍሮ አንዴ ቀጥኖ መካከል ላይ ይሰበራል። የሴት ልጅም ድምፅ ይለወጣል፤ ግን ጥቂት ስለሚወርድ ብዙ ሰው ልብ አይለውም።

ይህንን ቀደም ብለን ብናውቅ ኖሮ አንድ በደል ባልፈጸምን ነበር። ባለፈው የማስተማር ልምምዳችን፣ ስሙን በማንጠቅሰው ትምህርት ቤት፣ የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ለወላጆች ቀን መዝሙር እንድናዘጋጅ ተመደብን። በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ተማሪዎቹን አንድ በአንድ አስዘምረን ከሦስት ከፈልናቸው፦ ቀጭን፣ ወፍራምና የማይችሉ። ከማይችሉት አንዱ ወደ 14 ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር። ሲዘምር ድምፁ መካከል ላይ ተሰብሮ ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር እኛም ሳቅን። በበዓሉ ቀን ኋላ ረድፍ ላይ ቆሞ ከንፈሩን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ ነገርነው። ልጁ ያልነውን አደረገ። ከዚያ በኋላ ግን የመዝሙር ሰዓት በደረሰ ቁጥር ውኃ ልጠጣ እያለ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። እኛም እንፈቅድለት ነበር፤ ስለሚቀለን።

እንግዲህ ወደ ያሬድ እንመለስ። አስቀድመን አንድ ነገር ለአንባቢያን ግልጽ እናድርግ። ስለ ያሬድ ሕይወት የሚተርከው ገድል ከሱ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ የተጻፈ ስለሆነ፣ የታሪክ ሰዎች እያንዳንዱን ቃል እንደ ሰነድ አይቀበሉትም። እኛም የምናቀርበው ትውፊቱ እንደሚለው ነው። ትውፊት ቢሆንም ግን፣ አንድ ሕዝብ ስለ ታላቅ መምህሩ ሲተርክ ምን ዓይነት ልጅ አድርጎ እንዳሰበው ያሳያል። ለኛ ለዕጩ መምህራን ደግሞ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው።

ያሬድ በአክሱም ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. እንደተወለደ በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ገና የሰባት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ ሞተ። እናቱ ልጇን ወስዳ፣ ሊቅና የመጻሕፍት መምህር ለነበሩት ለዘመዳቸው ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው። እንደ ልማዱ ፊደል ቆጥሮ ዳዊት እንዲደግም ታሰበ። ነገር ግን ትምህርቱ አልገባው አለ። ጓደኞቹ እየቀደሙት ሄዱ፤ እሱ ግን ትናንት የተማረውን ዛሬ አያገኘውም። ዓመታት አለፉ። አባ ጌዴዎንም ታገሡ፣ ተቆጡ፣ በመጨረሻም ገረፉት። የክፍል ጓደኞቹ መሳለቂያ ሆነ።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም እንበል። አባ ጌዴዎን ክፉ ሰው አልነበሩም። ሊቅ ነበሩ፤ ለልጁም አባት የሆኑት እሳቸው ናቸው። ያደረጉት ነገር በየዘመኑ መምህራን የምናደርገው ነው። ሌሎቹ ልጆች የሄዱበትን ፍጥነት ይዘው ይህን ልጅ ለኩበት። ልጁ በልኩ አልገኝ ሲል ጥፋቱ የልጁ መሰላቸው። ያሬድ መማር የማይችል ተብሎ የተመደበው በዚህ ዓይነት ነው።

ልጁ ታዲያ ምን ያድርግ? ትምህርቱን ትቶ ኮበለለ። ከአክሱም ወጥቶ ሲሄድ ደከመውና ማይ ኪራህ በተባለ ስፍራ ከአንድ ዛፍ ሥር ዐረፈ። በዚያ ተኝቶ ሳለ አንድ ትል የዛፉን ፍሬ ሊበላ ወደ ላይ ሲወጣ ተመለከተ። ትሉ ጥቂት ወጣና ወደቀ። እንደገና ጀመረ፤ አሁንም ወደቀ። ስድስት ጊዜ ወጥቶ ስድስት ጊዜ ወደቀ። በሰባተኛው ጊዜ ግን ከፍሬው ደረሰ። ያሬድ ይህን አይቶ በራሱ አፈረ፤ አለቀሰም ይባላል። ከዚያም ተነሥቶ ወደ መምህሩ ተመለሰና ይቅርታ ጠየቀ። አባ ጌዴዎንም ተቀብለው እንደገና አስተማሩት።

ይህንን ታሪክ ከልጅነታችን ጀምረን የሰማነው ነው። በየንባብ መጽሐፉም ሆነ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ የሚነገረው የትሉ ጽናት ነው። እኛ ግን አሁን፣ መምህር ለመሆን ስንዘጋጅ፣ ሌላውን ወገን ማየት ጀመርን። ትሉ ወጥቶ የደረሰው ዛፉ በቦታው ስለቆየው ጭምር ነው። ያሬድም ሲመለስ በሩ ተዘግቶ ቢያገኘው ኖሮ ጽናቱ ምን ይጠቅመው ነበር? አባ ጌዴዎን ያንን ልጅ አላባረሩትም። አትችልም ብለው የፈረዱትን ፍርድ ራሳቸው ሻሩት። ከመምህር ሥራ ከባዱ ይኸ ሳይሆን አይቀርም።

ከዚያ በኋላ ያሬድ ትምህርቱ በፍጥነት ገባው። ብሉይንና ሐዲስን ተማረ፤ ዲቁናም ተቀበለ። አጎቱ ሲሞቱም በወንበራቸው ተተክቶ አስተማረ። መማር አይችልም የተባለው ልጅ መምህር ሆነ ማለት ነው። እኛ በበኩላችን አንድ ነገር እንገምታለን፤ ያሬድ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ፣ ከተማሪዎቹ መካከል ኋላ የቀረውን ልጅ በምን ዓይን እንደሚያይ ማንም ሊያስተምረው አላስፈለገም።

የዜማው ታሪክም እንዲህ ይላል። ሦስት ወፎች ከገነት መጥተው በሰው ቋንቋ አነጋገሩትና ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ወሰዱት። እዚያም የሃያ አራቱን ካህናተ ሰማይ ዝማሬ ሰማ። ወደ አክሱም ተመልሶ ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ገባና በታላቅ ድምፅ ዘመረ። ድምፁን የሰሙ ሁሉ፣ ንጉሡ ዐፄ ገብረ መስቀልና ንግሥቲቱ፣ ጳጳሱና ካህናቱ፣ ያሉበትን ትተው ወደሱ ሮጡ፤ ቀኑን ሙሉም ሲሰሙት ዋሉ። አማኙ ይህን እንደ ተአምር ይቀበለዋል። ሌላው ሰው ደግሞ፣ ከወፎች ድምፅ ዜማ ለመለየት የሚችል ጆሮ ስላለው ሰው የተነገረ ታሪክ አድርጎ ሊረዳው ይችላል። በሁለቱም በኩል ያሬድ መጀመሪያ ያደረገው አንድ ነው፤ ከመዘመሩ በፊት ሰማ።

ያሬድ ዜማውን በሦስት ከፈለው፦ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ግዕዝ ጠጣርና ቀጥ ያለ፣ ደረቅ ዜማ ነው። ዕዝል ለስላሳና ረጋ ያለ ሆኖ በግዕዝ ላይ የታዘለ ያህል ነው። አራራይ ደግሞ ቀጠን ብሎ ልብ የሚያራራ ነው። ሊቃውንቱ ሦስቱን በአብ፣ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ይመስሏቸዋል። ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የሚባሉት አምስቱ የዜማ መጻሕፍትም የሱ ድርሰት ናቸው ይባላል። የዓመቱ በዓላትና ወቅቶች ሁሉ፣ ክረምቱና በጋው፣ ጾሙና ፋሲካው፣ በነዚህ ውስጥ የየራሳቸው ዜማ አላቸው።

ከመምህራችን ጋር ብዙ የተወያየነው በዚህ ላይ ነው። የምዕራባውያኑ ምደባ የሚከፍለው ሰዎችን ነው። አንተ ባስ ነህ፣ አንቺ ሶፕራኖ ነሽ ይላል። የያሬድ ምደባ ግን የሚከፍለው ዜማውን ነው። ግዕዝ የሚባል ሰው የለም፤ አራራይ የሚባል ተማሪም የለም። ድጓ የሚማር ልጅ፣ ድምፁ ጎርናናም ይሁን ስርቅርቅ፣ ሦስቱንም ዜማ መማር አለበት። ዜማው እንደ ፒያኖ ቁልፍ በአንድ ከፍታ ላይ የተቸነከረ ስላልሆነ፣ መሪው ለራሱ ከሚመቸው ላይ ያነሣዋል። ሌላውም በጉሮሮው አቅም ይቀበለዋል። ባለወፍራሙ ድምፅ አራራይን ዝቅ ብሎ ቢያነሣው አራራይነቱ አይጠፋም። ለካስ አራዳ ጊዮርጊስ የተመለከትነው ይህንኑ ነው። መሪጌታው ከመካከል ሆነው፣ ቀኝጌታው በቀኝ፣ ግራጌታው በግራ ይመራሉ። አሰላለፉ በቀኝና በግራ እንጂ በቀጭንና በወፍራም አይደለም።

ይህን ስንል የምዕራባውያኑን ምደባ ለማጣጣል አይደለም። ኦፔራ ለሚዘፍን ሰው፣ ወይም በአራት ድምፅ ለሚዘምር ጓድ፣ ምደባው ጉሮሮ የሚጠብቅ ነው። ባስ የሆነ ሰው በግድ ቴኖር ሆኖ ቢዘምር ድምፁ ይጎዳል። የራሱን ማረፊያ አውቆ የሚዘምር ሰው ብዙ ዓመት ይዘምራል። የተማሩት የድምፅ መምህራንም ቢሆኑ ለመፍረድ አይቸኩሉም፤ የሃያ ዓመት ወጣት ድምፅ እንኳ ገና እየጎለመሰ ስለሆነ ምደባው ሊለወጥ እንደሚችል ያስተምራሉ። ስህተቱ ያለው ሦስተኛ ዓምድ ፈጥረን የማይችሉ ብለን ስንጽፍ ነው። ያ ዓምድ በምዕራባውያኑም ትምህርት የለም፤ በያሬድም የለም። የኛ የራሳችን ፈጠራ ነው።

ስለ ዜማው ምልክቶችም ጥቂት እንበል። በድጓ መጽሐፍ ከፊደሉ በላይ የሚጻፉ ጥቃቅን ምልክቶች አሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደትና ቁርጥ ይባላሉ። ትውፊቱ ለያሬድ ይሰጣቸዋል። የታሪክ ምንጮች ደግሞ ምልክቶቹን በማደራጀት በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን የነበሩትን አዛዥ ጌራንና አዛዥ ራጉኤልን ያነሣሉ። ምልክቶቹ ድምፅ ምን ማድረግ እንዳለበት ያስታውሳሉ፤ አንዱ ያዝ አድርግ፣ አንዱ ከደረትህ አውጣ፣ አንዱ ወደ ታች ድፋ፣ አንዱ ቁረጥ ይላል። ይሁን እንጂ ምልክቱን ብቻ አይቶ መዘመር አይቻልም። ከመምህር አፍ መቀበል ያስፈልጋል።

ለዚህም ነው ትምህርቱ ከጉባኤ ቤት ወደ ጉባኤ ቤት ሲተላለፍ የኖረው። በጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ መመስከሪያ ናት፤ ዙር አምባም በዝማሬና መዋሥዕት ትታወቃለች። የቤተልሔም፣ የቆማና የአጫብር እየተባለም የዜማው ስልት በየአገሩ የራሱን መልክ ይዟል። በነዚህ ቤቶች ተማሪው አንዲት ዜማ እስኪይዝ ድረስ ደጋግሞ ይቀጽላል። ከፍ ያለው ተማሪ ዝቅ ያለውን ያስጠናል። የዘገየ ልጅ ቢኖር አብረውት የጀመሩት ሲያልፉት፣ እሱ ከኋላ ከመጡት ጋር ሆኖ ይቀጥላል እንጂ አፉን ብቻ እንዲያንቀሳቅስ አይታዘዝም። ረኀቡና ግርፉ የበዛበት ትምህርት እንደነበረ እናውቃለን፤ ያንን አናወድስም። ደጋግሞ ለመሞከር የሚሰጠው ጊዜ ግን ሊወረስ የሚገባው ነው።

የያሬድ የመጨረሻ ታሪክ እንዲህ ነው። አንድ ቀን በንጉሡ ፊት ቆሞ ሲዘምር፣ ዐፄ ገብረ መስቀል በዜማው ተመስጠው ሳያውቁት ጦራቸውን በያሬድ እግር ላይ ተከሉት። ደም ፈሰሰ። ያሬድ ግን ዜማውን እስኪጨርስ ድረስ አልተሰማውም። ንጉሡ ባዩ ጊዜ ደንግጠው ጦሩን ነቀሉና፣ የፈለገውን እንዲጠይቅና እንደሚፈጽሙለት ማሉለት። ያሬድ ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም። ወደ ገዳም ሄጄ እንድኖር ያሰናብቱኝ ብሎ ለመነ። ንጉሡ አዘኑ፤ ነገር ግን ስለማሉ ለቀቁት። ወደ ሰሜን ተራሮች ሄዶ በብሕትውና ኖረ፤ በዚያም እያስተማረ እንደቆየ ይተረካል። በግንቦት 11 ቀን ተሰወረ ተብሎ ዛሬም በዚያ ቀን መታሰቢያው ይከበራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት የተሰየመው በስሙ ነው። ሶፕራኖና ቴኖር፣ ማሲንቆና ፒያኖ የሚጠኑበት ቤት፣ በአንድ ወቅት መማር አይችልም በተባለ ልጅ ስም መጠራቱን ልብ ያለው ስንቱ ይሆን?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሦስተኛ ዓምዳችንን ቀደድነው። የሙዚቃ መምህራችንም ለክፍል መዝሙር የሚረዳ ቀላል መንገድ አሳዩን። ተማሪው ሁሉ በመጀመሪያ በሚናገርበት ድምፅ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይበል። ከዚያ መዝሙሩ ለአብዛኛው ልጅ በሚመች ከፍታ ይነሣ፤ ለመምህሩ በሚመቸው አይደለም። ድምፁ እየተለወጠ ያለ ልጅ ጥቂት ኖታዎች ብቻ ቢኖሩት በነዚያ ጥቂቶች ላይ የሚያርፍ ክፍል ይሰጠው። አይጩህ፣ አይገደድም፤ ዝም በል ግን አይባል። በየጥቂት ሳምንቱም እንደገና ይሰማ፤ ያለፈው ወር ድምፁ የዛሬው አይደለምና።

የኛ ምድብ የማስተማር ልምምዱን ስለጨረሰ ወደዚያ ትምህርት ቤት አንመለስም። የሚሄደው ቀጣዩ ምድብ ነው። ስለዚህ ይህን የጻፍነው በተለይ ለናንተ ነው። የስድስተኛ ክፍል መዝሙር ስታስተምሩ፣ ከኋላ በመስኮቱ በኩል የሚቀመጥ ቁመቱ ረዘም ያለ ልጅ ታገኛላችሁ። ልክ መዝሙር ሲጀመር ውኃ ልጠጣ ብሎ እጁን ያወጣል። ውኃውን ጠጥቶ ይመለስ፤ ግን ሳይመለስ መዝሙሩን አትጀምሩ። ስሙን ክፍሉን ለቅቀን ስንወጣ ባስረከብነው የስም ዝርዝር ላይ ታገኙታላችሁ። ከስሙ አጠገብ በእርሳስ የማይችል ብለን የጻፍነው የኛ የእጅ ጽሑፍ ነው። እባካችሁ አጥፉልን፤ እኛ ስንሳሳት ከሠራነው ሁሉ እስካሁን ያልታረመው እሱ ብቻ ነው።